ሚናማታን በቤተ መጻሕፍት ማጥናት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ዘንድሮ ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ፣ ከፋብሪካ በወጣ ሜርኩሪ የተመረዘ ዓሣ የበሉ ነዋሪዎቿ የታመሙባትን የጃፓኗን ሚናማታ የመረጣችሁ ብዙ ናችሁ። በማጣቀሻ ክፍል ውስጥ ዕድሜዬን ስለፈጀሁ የምችለውን እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጅማ፦ ጋሼ፣ ስለ ሚናማታ ምን ላንብብ?

መልስ፦ ስለ ምኑ? ስለ በሽታው፣ ስለ ፍርዱ ወይስ ስለ ዓሣ አጥማጆቹ? ለይተህ ተመለስ።

ሰላም ከሐዋሳ፦ እኔ ማወቅ የምፈልገው ፋብሪካው ጥፋቱን መቼ እንዳወቀ ነው። በካታሎጉ «የሚናማታ በሽታ» ብዬ ስፈልግ ግን በ1956 የተጻፈ ምንም ነገር አጣሁ።

መልስ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። ያጣሽው በሽታው ያኔ ይህ ስም ስላልነበረው ነው። በሽታው በይፋ የተመዘገበው ግንቦት 1 ቀን 1956 ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 23 ቀን 1948 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ሐኪሞቹም ነዋሪውም «እንግዳው በሽታ» ነበር የሚሉት። ሰነድ የሚጠራው በተጻፈበት ዘመን ስም ነው። ስለዚህ በቦታው ስም፣ በፋብሪካው ስም፣ በምልክቱም ፈልጊ፦ መንቀጥቀጥ፣ የዕይታ መጥበብ፣ እየተንገዳገዱ ባሕር ውስጥ የሚወድቁ ድመቶች።

ወደ ዋናው ጥያቄሽ ስመጣ፣ አንድ ሠንጠረዥ አዘጋጂና እነዚህን በቀን ቅደም ተከተል ደርድሪያቸው። የፋብሪካው ባለቤት ቺሶ የተባለው ኩባንያ አሴታልዴሃይድ የሚባለውን ኬሚካል ማምረት የጀመረው በ1932 ነው፤ ሜርኩሪው፣ ማለትም ባዘቃው፣ የመጣው ከዚያ ነው። በሐምሌ 1959 የኩማሞቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መንስኤው ኦርጋኒክ ሜርኩሪ ነው አሉ። በጥቅምት ወር የኩባንያው የራሱ ሆስፒታል ሐኪም ሐጂሜ ሆሶካዋ የፋብሪካውን ፍሳሽ ከምግብ ጋር ቀላቅሎ ያበላት፣ በመዝገቡ 400ኛ የሆነችው ድመት ታመመች። ኩባንያው ውጤቱን ደበቀ። ታኅሣሥ 30 ቀን 1959 ደግሞ ከታማሚዎች ጋር የ«ማጽናኛ ገንዘብ» ውል ተፈራረመ። ውሉ ወደፊት ፋብሪካው ጥፋተኛ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ታማሚዎቹ ተጨማሪ ካሳ እንዳይጠይቁ ያስገድዳል። በድመቷና በውሉ መካከል ያለው ጊዜ ሦስት ወር አይሞላም። ፍሳሹ የቆመው በ1968 ነው። ሆሶካዋ በ1970 በካንሰር ታሞ ከአልጋው ሳይነሣ መሰከረ፤ ፍርድ ቤቱም በ1973 ያንን ውል ውድቅ አደረገው። እያንዳንዱን ቀን ግን ከሰነዱ ላይ በዓይንሽ ሳታይ አትጥቀሽ። በሌላ ሰው የግርጌ ማስታወሻ አትታመኚ።

የሕግ ተማሪ፦ ሚናማታ የካድሚየም መርዝ ነው ሲባል ሰምቻለሁ።

ኬሚስቱ፦ አይደለም። የካድሚየሙ በቶያማ ክፍለ ሀገር በጂንዙ ወንዝ ዳር የደረሰው ኢታይ ኢታይ የተባለው በሽታ ነው። አጥንት ይሰብራል።

የሕግ ተማሪ፦ ሁለቱም ጃፓን፣ ሁለቱም ከፋብሪካ የመጡ ናቸው፤ ምን ለውጥ አለው?

ኬሚስቱ፦ ኢታይ ኢታይ ከማዕድን ማውጫ ነው የመጣው። አንዱ በሩዝ፣ ሌላው በዓሣ ነው ሰው ውስጥ የሚገባው። ይህ ለውጥ ካልሆነ ምን ለውጥ ይሆናል?

አባል ከአዲስ አበባ፦ እዚሁ አፍንጫችን ሥር የአቃቂ ወንዝ እያለ ስለ ጃፓን መጻፍ ለምን አስፈለገ? ደግሞም ጃፓን ያኔ ከጦርነት የወጣች ድሃ አገር ነበረች፤ ፋብሪካውን ብትዘጋ ሕዝቡ ምን ይበላ ነበር?

ሰላም ከሐዋሳ፦ የሞቱት እኮ የሚበሉትን ከባሕሩ የሚያወጡ ሰዎች ናቸው።

መልስ፦ ኬሚስቱ ትክክል ነው፤ ሰላምም ትክክል ናት። ስለ አቃቂ የሚጽፍ ካለ ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን የዛሬው ጥያቄ አይደለም። ወደ ሚናማታ ተመለሱ።

ከመቀሌ፦ የተጠቂዎቹ ቁጥር በየመጽሐፉ ይለያያል። የትኛው ነው ትክክል?

መልስ፦ ሁሉም ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የሚቆጥሩት ነገር ይለያያላ። በኩማሞቶና በካጎሺማ ክፍለ ሀገሮች በመንግሥት «ታማሚ» ተብለው የተመሰከረላቸው ከ2,200 በላይ ናቸው። በ1995ቱ ስምምነት ደግሞ 10,000 ያህል ሰዎች የመታመም ምስክር ወረቀት ሳይሰጣቸው ገንዘብ ተከፍሏቸዋል። የምስክሩ መስፈርት በ1977 ይበልጥ ጥብቅ ሲሆን ብዙ ሰው ከበሩ ተመልሷል። ስለዚህ ከቁጥሩ በፊት «ማን ነው ታማሚ ያለው?» በሉ። ትርጉሙን ያላያችሁለትን ቁጥር አትጥቀሱ። ሁለተኛ ጊዜ መናገሬ ነው።

ከድሬዳዋ፦ የጃፓንኛውን ሰነድ በኮምፒውተር ብተረጉመው ይበቃል?

መልስ፦ ለማሰስ ይበቃል፤ ለመጥቀስ አይበቃም።

ከጅማ፦ ጋሼ፣ ታዲያ ምን ላንብብ?

መልስ፦ ልጄ፣ ቅድም የጠየቅሁህን መልስ እየጠበቅሁ ነው።

የጤና መኮንን፦ የታመሙ ሕፃናት ብዙዎቹ እናቶቻቸው ጤነኛ ይመስሉ ነበር። ሜርኩሪው ከማኅፀን መምጣቱ እንዴት ታወቀ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። በዚያ ጊዜ የሕክምና ትምህርት የእንግዴ ልጅ መርዝን ይከላከላል ይል ስለነበር ሕፃናቱ «የአንጎል ሽባነት» ተብለው ይታለፉ ነበር። ማሳዙሚ ሐራዳ የተባለ ወጣት ሐኪም ቤት ለቤት ሲዞር፣ እናቶች «እኔ የበላሁት ዓሣ ልጄን ጎዳው» አሉት። በ1962 ሕመሙ ከእናት የሚተላለፍ መሆኑ ታመነ። ሌላ ጠንካራ ማስረጃም ቆይቶ መጣ። እኛ «እትብቴ የተቀበረበት» እንላለን፤ ጃፓናውያን እትብትን አድርቀው በትንሽ የእንጨት ሣጥን ቤት ያኖሩታል። ሐራዳ ከየቤተሰቡ እነዚህን ሣጥኖች ሰበሰበ። እትብቱ ሲመረመር ሜቲል ሜርኩሪ፣ ማለትም ያ ኦርጋኒክ ሜርኩሪ፣ ተገኘበት፤ እያንዳንዱም የማን እንደሆነና ልጁ መቼ እንደተወለደ ይታወቃል። መጠኑን በልደት ዓመት ሲደረድሩት ፋብሪካው ብዙ አሴታልዴሃይድ ባመረተበት ጊዜ ከፍ ይላል። ኩባንያው ያልጻፈውን መዝገብ እናቶች በየቤታቸው አኑረውት ነበር። ስለዚህ ፍለጋችሁን በመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ አታቁሙ፤ በየሙዚየሙና በየማኅበሩ ያለውን የቁሳቁስ ዝርዝር ጠይቁ።

ሰላም ከሐዋሳ፦ ጋሼ፣ በጃፓንኛ የታተመ የቀናት ሠንጠረዥ አገኘሁ። ግን 1959 የሚል የለበትም፤ «ሾዋ 34» ነው የሚለው።

መልስ፦ የንጉሠ ነገሥታቸው ዘመን ነው፤ 1925 ደምሪበት። እኛ ሰባት ስምንት ዓመት ስንደምርና ስንቀንስ የኖርን ሰዎች ይህ አያስቸግረንም። ወሩንና ቀኑን ከነገጹ ጻፊና የድመቷን ከውሉ በላይ አስቀምጪ።