ከድሬዳዋ፦ ስለ ዓለም ንግድና ፖለቲካ ለጠየቃችሁኝ

ዕድሜዬን የፈጀሁት በትራንዚተርነት ነው። ቀን የጉምሩክ ወረቀት፣ ማታ ስለ ዓለም ኢኮኖሚ የተጻፈ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ኖሬያለሁ። ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጋሼ፣ ግሎባላይዜሽን እያልክ ሁልጊዜ ታወራለህ። እኛን ድሬዎችን ምን አገባን?

ግሎባላይዜሽን የምለው የአገሮች ንግድና ገንዘብ እርስ በርስ መተሳሰሩን ነው፤ ድሬ ራሷ የተወለደችው ከእሱ ነው። እ.ኤ.አ በ1869 የስዊዝ ቦይ ሲከፈት ቀይ ባሕር የዓለም ዋና መንገድ ሆነ። ፈረንሳዮች ጅቡቲ ላይ ወደብ ሠሩ፤ ከወደቡም ሐዲድ ተዘረጋ። ባቡሩ ሐረር ሊገባ ታስቦ ነበር፤ ዳገቱ ወጪውን አከበደውና ቆላው ላይ ቆመ። በ1895 ዓ.ም ባቡሩ እዚህ ሲደርስ ከተማዋ ተቆረቆረች። ለዘመናት የሲራራ ነጋዴ መናኸሪያ የነበረችው ሐረር ንግዷ ቀስ በቀስ ቁልቁል ወደ እኛ ወረደ። የሩቅ አገር ገንዘብና አንድ ዳገት የሁለት ከተሞችን ዕጣ ቀየሩ ማለት ነው። የከተማችንን ሰፈር ከዚራን በዛፎቿ ጥላ ሥር ሳቋርጥ ይህን ሳላስብ አላልፍም።

ከፖለቲከኞች ሁሉ ዓለምን የበለጠ የቀየረው ማን ነው ትላለህ?

ማልኮም ማክሊን። የጭነት መኪና ባለቤት የነበረ አሜሪካዊ ነው፤ ፖለቲከኛ አይደለም። እ.ኤ.አ በሚያዝያ 1956፣ 58 የብረት ሣጥኖችን መርከብ ላይ ጭኖ ከኒው ጀርሲ ወደ ቴክሳስ ላከ። በሰው ትከሻ ሲጫን በቶን 5.86 ዶላር ይፈጅ የነበረው በእሱ ዘዴ ወደ 16 ሳንቲም ወረደ። ኮንቴይነር የምንለው ያ ነው።

ስንት ጊዜ ፊቴ ተከፍቷል! ማሸጊያው ተቆርጦ በሩ ሲላቀቅ መጀመሪያ የሚመታህ የአዲስ ጫማ የፕላስቲክ ሽታ ነው። ካርቶኖቹ ቻይና ፋብሪካ ውስጥ ከተደረደሩ ወዲህ የሰው እጅ አልነካቸውም። የመጓጓዣው ዋጋ እንዲህ ስለወረደ ነው የሩቁ ጫማ የሰፈራችንን ጫማ ሰፊ በዋጋ የሚያሸንፈው። ሰፊው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ይህን ሰው እንዲረዳልኝ አጥብቄ እፈልጋለሁ።

ዕቃ የማመጣው ከቻይና ነው፤ ከአሜሪካ መርፌ ገዝቼ አላውቅም። ዶላር ሲወደድ እኔ ለምን እቀጣለሁ?

እህቴ፣ ነገሩ የጀመረው እ.ኤ.አ በ1944 አሜሪካ ውስጥ ብሬተን ዉድስ በሚባል ቦታ ነው። እኛንም ጨምሮ 44 አገሮች ተሰብስበው ገንዘባቸውን ከዶላር፣ ዶላርን ደግሞ ከወርቅ ጋር አሰሩ፤ አንዱ ወቄት በ35 ዶላር። እ.ኤ.አ በ1971 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን የወርቁን ገመድ በጠሰ፤ የዶላሩ ግን ሳይፈታ ቀረ። ነዳጁም የመርከብ ኪራዩም እስከ ዛሬ የሚተመነው በዶላር ነው። ቻይናዊው ነጋዴሽም የሚጠይቅሽ ዶላር ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ 100ን አለፈ። ባንኩና ጥቁር ገበያው ያን ያህል ተራርቀው መኖራቸው ጤና አልነበረም፤ ይህን አምናለሁ። ሸክሙ ግን የወደቀው ደመወዙ ባለበት በቆመው ሰው ላይ ነው፤ ይህም ያመኛል።

ቻይና የፈረንጆቹን ቦታ ልትወስድ ነው?

በሐዲዱ ወስዳለች። የድሮው በፈረንሳይ ገንዘብ፣ በ2009 ዓ.ም የተመረቀው ደግሞ በአብዛኛው በቻይና ብድር ተሠራ። ብድር ግን የማንም ይሁን ብድር ነው፤ የሚከፈለውም በውጭ ምንዛሪ ነው።

ከሐረር ነኝ። ቡናችን ስሙ ዓለምን የዞረ ሆኖ ገበሬው ለምን ነቅሎ ጫት ይተክላል?

ልቤን የነካኝ ጥያቄ ይህ ነው። እስከ 1989 እ.ኤ.አ ቡና አምራችና ገዢ አገሮች በሚሸጠው መጠን (በኮታ) ተስማምተው ዋጋውን ይደግፉት ነበር። ስምምነቱ በዚያ ዓመት ፈረሰ፤ ዋጋውም አሽቆለቆለ። ከዚያ ወዲህ የገበሬውን ቡና ዋጋ የሚመራው ቡናውን ዓይቶት የማያውቅ የኒውዮርክ ገበያ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ በ2005 የሐረርን፣ የሲዳሞንና የይርጋጨፌን ስም በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመልክቶ፣ ከብዙ ክርክር በኋላ በ2007 ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ተስማማ። ትልቅ ድል ነው እላለሁ፤ ስም ግን ብቻውን የገበሬውን ጎተራ አይሞላም።

ጫት በዓመት ደጋግሞ ይለቀማል፤ ገንዘቡም ያኔውኑ እጅ ይገባል። የጫት ገበያዋ አወዳይ ሂድና የጫቱ እስር በርጥብ ቅጠል ሲጠቀለል፣ ሾፌሩ ሞተር አስነስቶ ሲጠብቅ እይ። ገበሬው የዋጋ ሰሌዳ ሳያይ ሒሳቡን አውቆታል፤ ልትወቅሰው አይገባም። ጫቱም ቢሆን ከዓለም ፖለቲካ አላመለጠም፤ ብሪታንያ በ2014 እ.ኤ.አ ስትከለክለው አንድ ገበያ ተዘጋ።

የመን ያሉት ሁቲዎች በቀይ ባሕር መርከቦች ላይ የሚያደርሱት ጥቃት ለኛ ምን አመጣ? ጅቡቲ እንደሆነ ክፍት ነው።

ካርታውን ዘርጋው። ከቻይና የሚመጣ መርከብ የቀይ ባሕርን ደቡባዊ ጠባብ በር፣ ባብ ኤል መንደብን፣ ሳያቋርጥ ጅቡቲ ይደርሳል፤ የሚወደድበት ኢንሹራንሱ ነው። ወደ ጀርመን የሚሄደው ቡናችን ግን ያንን በር ማለፍ አለበት። ከኅዳር 2023 እ.ኤ.አ ወዲህ የመርከብ ድርጅቶች በደቡብ አፍሪካ ጫፍ መዞር ሲጀምሩ፣ በዚያ በኩል የሚሄድ ጭነት ከጅቡቲ ሰሜን አውሮፓ ለመድረስ ከእጥፍ በላይ ይጓዛል። ላኪው የኪራዩን ጭማሪ ከኪሱ አያወጣውም፤ ለገበሬው ከሚከፍለው ላይ ይቀንሰዋል።