ካርታው በሟች አባት ስም ያለ የድሮ ቤት፦ ቀብድ ልክፈል?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም የማይርቅ፣ ወደ ጣና ዳር የተጠጋ አንድ የድንጋይ ፎቅ ቤት ለሽያጭ ቀርቧል። ደላላው በጣሊያን ጊዜ የተሠራ ቅርስ ነው ይላል። ካርታው በሟች አባት ስም ነው። የሚሸጠው የበኩር ልጃቸው ሲሆን፣ ውጭ አገር የምትኖር እህቱን ውክልና ይዟል። እናታቸው ምድር ቤቱ ውስጥ ይኖራሉ፤ ከጓሮ ባሉት ክፍሎች ደግሞ ተከራዮች አሉ። እኔ ቤቱን አድሼ የእንግዳ ማረፊያ ልከፍትበት አስቤያለሁ። ቅዳሜ 300 ሺህ ብር ቀብድ እንድከፍል፣ በውሉ ላይም ከእውነተኛው ያነሰ ዋጋ እንዲጻፍ ተጠይቄያለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ቅዳሜ አይክፈሉ። ሐይቁ በእግር የሚደረስበት ሰፈር ስለሆነ ደላላው ቢያጣድፍዎ አይገርምም፤ ችኮላው ግን የእሱ እንጂ የእርስዎ አይደለም።

ከደብዳቤዎ ዓይኔን የያዘው ስለ እናትየው በግማሽ መስመር ያለፉት ነገር ነው። በጋብቻ ዘመን የተፈራ ንብረት የአንዱ የግል ሀብት መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የባልና ሚስት የጋራ ሀብት ነው ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ ካርታው በአባት ስም ብቻ ቢሆንም የቤቱ ግማሽ የእናትየው ሊሆን ይችላል፤ ለልጆች በውርስ የሚያልፈውም የአባት ድርሻ ብቻ ይሆናል ማለት ነው። አባት ቤቱን ከወላጆቻቸው የወረሱት ከሆነ መልሱ ይለያል። ይህን የሚያሳየው በማዘጋጃ ቤት ያለው ማኅደር ነውና አስፈቅደው ይመልከቱት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1266 መሠረት የጋራ ንብረት የሚሸጠው ሁሉም ባለድርሻዎች ሲስማሙ ነው። የበኩር ልጅነት በቤተሰብ ዘንድ ክብር ያስገኝ ይሆናል እንጂ ለመሸጥ ሥልጣን አይሰጥም። «እማማ ተስማምተዋል» የሚለውን ቃልም አይቀበሉ፤ እናትየው ራሳቸው ቀርበው ይፈርሙ። ቤቱን መቼ እንደሚለቁም በውሉ ላይ ይጻፍ፤ አለበለዚያ ስሙን ካዞሩ በኋላ አንዲት አሮጊት ከኖሩበት ቤት እንዲወጡ የሚከሱት እርስዎ ይሆናሉ።

ከዚያ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ይጠይቁ፤ ስንት ወራሽ እንዳለ የሚታወቀው በእሱ ነው። የእህትየውን ውክልና ደግሞ ቃል በቃል ያንብቡ። በአንቀጽ 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ «ንብረቴን እንዲያስተዳድር» የሚል ጠቅላላ ውክልና አይበቃም።

ተከራዮቹን ለማን እንደሚከፍሉ ይጠይቋቸው፤ ከተቻለም የኪራይ ደረሰኛቸውን ይመልከቱ። ትርፍ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ወደ መንግሥት ሲዛወሩ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ዋናው ቤት ለባለቤቱ ቀርቶ የጓሮው የተወሰደበት ቦታ አለ። ደረሰኙ የቀበሌ ከሆነ እነዚያን ክፍሎች ልጁ ሊሸጥልዎ አይችልም። ደላላው ግን ግቢውን ሲያስጎበኝዎ ሁሉንም በአንድ እጁ ጠቁሞ እንዳሳየዎት እገምታለሁ።

የሚገዙት ቤቱን እንጂ መሬቱን አለመሆኑንም ያስቡበት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፤ በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ደግሞ ከውርስ በሌላ መንገድ የተላለፈ ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት ውጭ የተያዘ ቦታ) ወደ ሊዝ፣ ማለትም ለመንግሥት ወደሚከፈልበት የመሬት ይዞታ ይገባል። ስለዚህ ለሻጩ ከሚከፍሉት ሌላ የሊዝ ክፍያ እንደሚመጣብዎ አስልተው ይደራደሩ። ሐይቁ ዳር የኮሪደር ልማት የደረሰበት ስለሆነ፣ ቦታው በፕላን ለምን እንደተመደበ ከከተማው አስተዳደር በጽሑፍ ይጠይቁ። ለልማት ከተነሡ ካሣው የሚሰላው በቤቱና በተነሺው ጉዳት መጠን ነው፤ ለጣና እይታ ብለው የጨመሩትን ብር የሚመልስልዎ የለም።

ስለ ቅርስነቱ፣ ደላላ ቅርስን የሚያውቀው ለዋጋ ነው። ለእርስዎ ግን ግዴታ ነው። ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቦ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ለማደስ አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የባለቤትነት ዝውውሩንም ማሳወቅ ይገባል። ለእንግዳ ማረፊያ ግድግዳ አፍርሼ መታጠቢያ ቤት እጨምራለሁ የሚል ዕቅድ እዚያው ሊቆም ይችላል። መመዝገብ አለመመዝገቡን የክልሉን ባህልና ቱሪዝም ቢሮ በደብዳቤ ይጠይቁ።

ዋጋ አሳንሶ መጻፉን እርሱት። ነገ ውሉ ቢፈርስ ተመላሽ የሚደረግልዎ የተጻፈው ነው፤ በተፈረመ ሰነድ ላይ «የከፈልኩት ከዚህ በላይ ነው» ብሎ በምስክር ማስተባበል አይቻልም። ግብርና ቀረጥ መሰወሩም ራሱን የቻለ ጥፋት ነው።

ወደ ቀብዱ ስመለስ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ከቀየረ እጥፉን ይመልሳል። ይህ ለእርስዎ የሚጠቅመው ግን ተቀባዩ ለመሸጥ ሥልጣን ሲኖረው ነው። የቤት ሽያጭ ውል ደግሞ በአንቀጽ 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መመዝገብ አለበት፤ ደላላው ቤት የተፈረመ ወረቀት አይተካውም። ለልጁ እንዲህ ይበሉት፦ የወራሽነት ማረጋገጫውን፣ ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤና ልዩ ውክልናውን ይዘህ፣ እናትህንም ይዘህ ሰነድ አረጋጋጭ ፊት እንገናኝ፤ የመጀመሪያውን ክፍያ በባንክ በኩል የማስተላልፈው ያን ዕለት ነው። ሌላ ገዢ አለኝ ካለዎት ይሽጥለት።