ዲጋሉን ማን ጣለው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላምዎ ይብዛ። የባሌ ሮቤ ልጅ ነኝ፤ የምማረው አዲስ አበባ ነው። በ2006 ዓ.ም. አባቴ የዘራው ዲጋሉ የሚባል የስንዴ ዝርያ ዋግ በሚሉት የፈንገስ በሽታ ወደመ። አባቴ ዛሬም «ዘሩ አርጅቶ ነው» ይላል። እኔ ደግሞ «ዋጉ ዲጋሉን ለማሸነፍ ብሎ ራሱን ለወጠ» እለዋለሁ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ አንተ ትቀርባለህ፤ ግን አልደረስክም።

ከአባትህ ልጀምር። ስንዴ የሚዳቀለው በአብዛኛው ራሱ በራሱ ነው። ስለዚህ የዘንድሮው ፍሬ የአምናውን ዘረመል እንዳለ ይወርሳል ማለት ይቻላል። ዲጋሉ በ1997 ዓ.ም. ሲለቀቅ የነበረው መከላከያ በ2006ም አብሮት ነበር። አላረጀም። ገበሬው የወደደውም በምክንያት ነው፤ በ2003 ቢጫ ዋግ ኩብሳና ጋላማ የተባሉትን ዝርያዎች ሲፈጃቸው ዲጋሉ ችሎ ቆመ። እ.ኤ.አ. በ1998 ኡጋንዳ ውስጥ የተገኘውን፣ ዓለምን ያስጨነቀውን የግንድ ዋግ ዓይነትም ይቋቋማል። ታዲያ ማን ይተወዋል? አርሲና ባሌ ዲጋሉ በዲጋሉ ሆነ።

አሁን ዲጋሉን ወደ ጣለው የግንድ ዋግ። የታመመ አገዳ በጣትህ ብታሽ የሸክላ ቀለም ያለው ዱቄት ይይዝሃል። እያንዳንዷ ብናኝ ነፋስ ይዟት ሄዶ ሌላ ማሳ ልትጀምር ትችላለች፤ በሁለት ሳምንት ገደማም አዲስ ትውልድ ይደርሳል። ከዚያ ሁሉ ቢሊዮን ብናኝ መሃል ዘረመላቸው ሲገለበጥ ስህተት የገባባቸው አይጠፉም። ስህተቱ ግን ዲጋሉ ይዘራ ጓያ ይዘራ አያውቅም። አብዛኛው ፋይዳ የለውም፤ አንዳንዱ ባለቤቱን ራሱን ይጎዳል።

የዲጋሉ የግንድ ዋግ መከላከያ ያረፈው በዋናነት በአንድ ዘረመል ላይ ነበር። እንዲህ ያለ ዘረመል በጥቅሉ ዋጉ የሚለቀውን አንድ ምልክት ለይቶ የተጠቃውን ሕዋስ ወዲያው ያስገድላል። ዋግ ደግሞ የሚኖረው በሕያው ሕዋስ ላይ ብቻ ነውና እዚያው ይቀራል። ምልክቱ የጎደለበት ወይም የተቀየረበት ዋግ ሲመጣ ግን ስንዴው ጭራሽ አያየውም። እንዲህ ያለው ዋግ ዝርያው በተደበላለቀ አገር ቢወድቅ ምናልባት ስሙም አይነሳ። እዚህ ግን ሌላው ዋግ ሁሉ ሲራብ እሱ ብቻውን በላ። ልጆቹም ያንኑ ወረሱ።

ማስረጃ ከፈለግህ፣ ተመራማሪዎች ዲጋሉን የጣለውን ዋግ መርምረው ከኡጋንዳው ዋግ ቤተሰብ ውጭ ሆኖ አግኝተውታል። ሌላ ሐረግ ነው። ማለትም ዲጋሉ ላይ የተሸነፈው ዋግ ተምሮ፣ ብልሃት ፈልጎ አልተመለሰም። መማር የማያስፈልገው ሌላ ዋግ ነው የበዛው። ለውጡ መጀመሪያ በአጋጣሚ ይመጣል፤ ማሳው ቀጥሎ ይመርጣል። አስተማሪዎቻችን ቅደም ተከተሉን ገልብጠው ሲያስረዱ እኔን በጣም ያናድደኛል!

አባትህን የሚያስፈልጋቸው ግን ይኼ ሁሉ ትንታኔ አይደለም፤ ምን ልዝራ ነው። አንድ ዝርያ ብቻ አይዝሩ፤ መከላከያቸው የተለያየ ሁለት ሦስት ዝርያ በየማሳው ይከፋፍሉ። ጎንደር ውስጥ ስንዴና ገብስ ደባልቀው ዱራኛ የሚዘሩ ገበሬዎች አሉ፤ አንዱ ቢታመም ሌላው ይተርፋቸዋል። የትኞቹ ዝርያዎች አሁን ዋግን እንደሚችሉ ሲናና የግብርና ምርምር ማዕከል ሄደው ይጠይቁ፤ ከሮቤ ሩቅ አይደለም። ከመኸር በፊት ይሂዱ፤ ዘር ከተገዛ በኋላ መጠየቅ ዋጋ የለውም።