ሮክፊሽ ለምታጠምዱ የሜሪላንድ ልጆች

ቅዳሜ ቅዳሜ መንጠቆ ጥላችሁ ትውሉና ማታ "ጋሼ፣ አሳው የት ገባ?" ትሉኛላችሁ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በአሳ ሀብት ሥራ ስለሆነ የማውቀውን ልንገራችሁ።

ሮክፊሽ (በሌላ ስሙ ስትራይፕድ ባስ) በብዛት የሚራባው ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ነው። ሲያድግ ግን በጠረፉ ሽቅብ እስከ ሜይን ይሄዳል፤ ስለዚህ ሜሪላንድ ብቻዋን አትወስንበትም። ከ1942 ጀምሮ የአትላንቲክ ጠረፍ ስቴቶች ስለ አሳው አብረው የሚወስኑበት የጋራ ኮሚሽን አላቸው። እያንዳንዱ ስቴት ሦስት ሰው ይልካል፦ የአሳ ሀብት መሥሪያ ቤቱን ኃላፊ፣ አንድ የምክር ቤት ሰው፣ አንድ ገዥው የሚሾመው። ሦስቱ አንድ ላይ ግን ያላቸው አንድ ድምፅ ነው። ፌስቡክ ላይ ከመጨቃጨቅ እነዚህን ሦስቱን ፈልጋችሁ አነጋግሩ። ተስፋ አለው ወይ ካላችሁኝ፣ ሜሪላንድ በ1985 ማጥመዱን ጨርሳ ከለከለች፣ እስከ 1990 ድረስ፣ አሳውም ተመለሰ። በ2019 ደግሞ እንደገና ተመናምኗል ተባለ።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የማጥመጃ ዕቃ ስትገዙ ዋጋው ውስጥ የፌዴራል ታክስ አለበት፤ በ1950 የወጣ ሕግ ነው፣ ለስቴቶች የአሳ ሥራ ይውላል። እናንተ ሹማምንቱን ለምትሟገቱበት ሥራ ግን አይሆንም። ለእሱ ማኅበር ሆናችሁ ራሳችሁ አዋጡ። እድር ለለመደ ሀበሻ ይሄ አይከብድም። መቶ ሰው በወር አሥር አሥር ዶላር ቢያወጣ፣ አንድ ሀብታም ከሚሰጣችሁ ሺህ ዶላር እጅግ ይሻላል፣ ምክንያቱም ትልቁን ቼክ የጻፈው የጀልባ ባለቤት ወይም ዕቃ ሻጭ ከሆነ፣ የማጥመድ ገደቡ ይጥበቅ ልትሉ ስትነሱ ስልክ ይደውላል። ደግሞ ከታክስ ነፃ ሆኖ የሚመዘገብ የበጎ አድራጎት ማኅበር ለሎቢ፣ ማለትም ሕግ አውጪዎችን ለማግባባት፣ የሚያወጣው ውስን ነው። ከመመዝገባችሁ በፊት አካውንታንት ጠይቁ።

አሁን የማትወዱትን ልናገር። ሁሉም መዝናኛ አጥማጅ ጣቱን ነጋዴ አጥማጆች ላይ ይቀስራል። የሮክፊሽን ትልቁን ድርሻ የምንገድለው ግን እኛ ነን። ለቀነዋል የምንለው እንኳ ሁሉም አይተርፍም፤ የኮሚሽኑ ባለሙያዎች ከ100 ተለቃቂ 9ኙ ይሞታል ብለው ነው የሚያሰሉት። ውሃው ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል። ለፎቶ ብላችሁ አየር ላይ አንጠልጥላችሁ ስታቆዩት፣ ዋጋውን የሚከፍለው እሱ ነው። ስለዚህ የኮሚሽኑ ስብሰባ ስትገቡ መጀመሪያ እናንተ የምትተውትን ይዛችሁ ግቡ፣ ለምሳሌ በሐምሌ ሙቀት አናጠምድም በሉ። ያኔ ኮሚሽነሩ ቀና ብሎ ያያችኋል።

ኮሚሽኑ የሕዝብ አስተያየት ሲጠይቅም አንድ ኢሜይል ኮፒ አድርጋችሁ መቶ ጊዜ አትላኩ፣ በራስ ቃል የተጻፈን ያህል ክብደት አይኖረውም። እያንዳንዳችሁ የት እንዳጠመዳችሁ፣ ምን ያህል ርዝመት ያለው እንደያዛችሁ፣ የትኛውን አማራጭ እንደምትደግፉና ለምን እንደሆነ በራሳችሁ ቃል ጻፉ። ግማሽ ገጽ ይበቃል።