ታጥቦ የሚመለሰው ጥቁር ግድግዳ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሐረር ጀጎል ውስጥ የምንኖርበት ቤት የድሮ የድንጋይ ግንብ ነው። አምና ባለቤቴ ውስጡን በሲሚንቶ አስለስኖ የዘይት ቀለም አስቀባው። ክረምት ሲገባ ከአልጋው ጀርባ አንድ ክንድ የሚያህል ጥቁር ሻጋታ ወጣ። በበረኪና አጠብኩት፣ ጠፋ። በ3 ሳምንቱ ተመለሰ። የ5 ዓመት ልጄ አስም አለባት፤ ሌሊት ሌሊት ታስላለች። ጎረቤቴ «በር ዘግተሽ ከሰል አንድጂበትና ይድረቅ» አለችኝ። አልጋው ስር በጆንያ ያስቀመጥኩት የባቢሌ ለውዝም ሻግቷል። ታጥቦ ቢቆላ ይበላል?

የልጅ እናት፣ ከጀጎል

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ የከሰሉን ነገር እርሺው። ቤት ተዘግቶ ከሰል ሲነድ ክፍሉ በካርቦን ሞኖክሳይድ ይሞላል። ሽታ የለውም፣ ዓይን አያየውም። የተኛ ሰው ሳይነቃ በዚያው ይቀራል።

በረኪናው ጥቁሩን አነጣው እንጂ ውሃውን አላቆመውም። የረጠበ ነገር በ1 ወይም በ2 ቀን ካልደረቀ ሻጋታ ሊይዘው ይችላል። ያንቺ ግድግዳ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ እርጥብ ነው። የጀጎል ግንብ ድንጋይና ጭቃ ስለሆነ ከመሬት እርጥበት ይስባል። የድሮዎቹ ኖራ ሲቀቡት እርጥበቱ ቀስ እያለ ይተናል። ሲሚንቶና የዘይት ቀለም ግን ያፍኑታል።

ይህን ያወቅኩት በራሴ ጥፋት ነው። በግንበኝነት ስሠራ እንዳንቺ ያለ ቤት በሲሚንቶ ለሰንኩ። በ2 ዓመቱ ተጠራሁ። ልስኑን በመሮ ስፈነቅለው ከጀርባው ያለው ጭቃ ሊጥ ሆኗል። ስጨብጠው በጣቶቼ መሀል ሾልኮ ወጣ። የቤቱ እናት አጠገቤ ቆመው ያዩ ነበር፤ ምንም አላሉኝም። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ለጊዜው ጥቁሩን እንዲህ አጽጂው። ልጅቷ ቤት ውስጥ አትኑር። መስኮት ክፈቺ፣ ማስክና ጓንት አድርጊ። በደረቁ እንዳትፈገፍጊው፤ ብናኙ ቤቱን ሁሉ ያዳርሳል። መጀመሪያ በውሃ አርጥቢው፣ ከዚያ በዱቄት ሳሙናና በብሩሽ እጠቢው፣ በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው። ጨርቁን ጣይው። በረኪና ከተጠቀምሽ ደግሞ ከአቼቶ፣ ከሽንት ቤት አሲድ ወይም አሞኒያ ካለው ማጽጃ ጋር በፍጹም እንዳትቀላቅዪው። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፤ ለአስም በሽተኛ ደግሞ ይብሳል።

አልጋውን ከግድግዳው 2 ስንዝር ያህል አርቂው፣ ከኋላው አየር ይግባ። የስፖንጅ ፍራሹ ውስጡ ድረስ ከሻገተ ፀሐይ ላይ ማስጣት አያድነውም፣ ይጣል። ልጅቷን ሌላ ክፍል አስተኚያት፤ ሳሉን ግን ሐኪም ይየው።

ዋናው ሥራ ለባለቤትሽ ነው። ከውጭ ይጀምር። አሸንዳው ያፈስ እንደሆነ፣ የዝናቡ ውሃ ግድግዳው ሥር ይተኛ እንደሆነ ይይ። ከዚያ ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ ሲያቆም፣ ሲሚንቶውን ያስነሳና ግንቡን ለወራት ክፍት ይተወው። እጁን አስደግፎ እርጥበት ከተሰማው ገና አልደረቀም። ሲደርቅ በኖራ ያስለስን። በሻጋታ ላይ ቀለም አይቀባ፤ ቀለሙ ተልጦ ይወድቃል።

ለውዙን ጣይው፣ ጆንያውንም ጭምር። ብዙ ብር እንዳወጣሽበት ይገባኛል። ግን የሻገተ ለውዝ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖረው ይችላል። ጉበት ይጎዳል፤ ብታጥቢውም ብትቆዪውም ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ለዶሮም አትስጪ።