መልስ፦ የጽሑፍ ስክሪኑ ለምን ለሁለት ይቆረጣል?

በዶስ (በድሮው የፒሲ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) የጻፍከው ፕሮግራም ጽሑፉን ሲያንሸራትት ላይኛው ግማሽ አዲስ፣ ታችኛው አሮጌ ሆኖ ይታየኛል ብለሃል።

ወንድሜ፣ ኮድህ ደህና ነው። ችግሩ ሰዓቱ ላይ ነው። በቪጂኤ (የድሮ ፒሲዎች የስክሪን ካርድ ዓይነት) የጽሑፍ ሞድ ስክሪኑ በሰከንድ 70 ጊዜ ከላይ ወደ ታች ይሳላል። አንተ ደግሞ ገና መሃል ላይ እያለ ስክሪኑ የሚሳልበትን ሜሞሪ ትቀይርበታለህ።

ፖርት 986ን አንብብ (ፖርት ማለት ፕሮግራም ከካርዱ ጋር የሚነጋገርበት ቁጥር ያለው በር ነው፤ ቁጥሮቹን በተለመደው በአስር ቤት ነው የምጽፈው)። ከምታነበው ቁጥር ውስጥ ዋጋው 8 የሆነው ቢት ከበራ (1 ከሆነ)፣ ስክሪኑ ስሎ ጨርሶ ወደ ላይ እየተመለሰ ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ቢቱ እስኪበራ ብቻ ከጠበቅክ፣ ሊጠፋ ሲል ልትደርስበት ትችላለህ። መጀመሪያ እስኪጠፋ ጠብቅ፣ ከዚያ እስኪበራ፤ ያኔ ሜሞሪውን ቀይር።

ያም ሆኖ ስክሪኑ የማይሳልበት ክፍተት አንድ ተኩል ሚሊሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። 80 በ25 የሆነው ስክሪን ከነቀለሙ 4000 ባይት ይይዛል። በቀርፋፋ ማሽን ሁሉንም ገልብጠህ ላትጨርስ ትችላለህ።

ስለዚህ እኔ የምመርጠው ገጽ መቀያየርን ነው፤ ማለትም ሜሞሪው ውስጥ ሁለት ስክሪን ሙሉ ጽሑፍ ይዘህ የሚታየውን መለዋወጥ። የማይታየው ገጽ ላይ ተረጋግተህ ጻፍ። ስትጨርስ በፖርት 980 በኩል የመነሻ አድራሻውን (ስክሪኑ ከሜሞሪው የት ጀምሮ እንደሚሳል) ቀይር፤ አድራሻውን የሚይዙት ሬጅስተር 12 እና 13 የሚባሉት የካርዱ ትንንሽ ማስቀመጫዎች ናቸው። ሁለቱን በየተራ ስትጽፍ መሃል ላይ ስክሪኑ ከቀደመህ ለቅጽበት የተዘበራረቀ ነገር ታያለህ። ገጾቹን በ4096 ባይት ርቀት ካስቀመጥካቸው ግን የ13 ዋጋ ስለማይለወጥ 12ን ብቻ መቀየር ይበቃል። ይቺ ነገር ብዙ ጣጣ ታስቀራለች።

በሊኑክስ ወይም በዊንዶውስ መስኮት ውስጥ ከሆነ የምትሠራው ፖርቱን እርሳው። ሙሉውን ገጽ አዘጋጅተህ በአንድ ጊዜ ላከው።