ከወደቀ በኋላ ስንት መታኸው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዕድሜዬ 26 ነው። ልጅ ሆኜ ቴኳንዶ ሠርቻለሁ፤ ኤምኤምኤ (ቡጢ፣ እርግጫና ትግል የተቀላቀለበት ስፖርት) መሥራት ከጀመርኩ ደግሞ አራት ዓመት ሆኖኛል። ከሦስት ሳምንት በፊት ማታ፣ ሃያ ሁለት ሰፈር ካፌ ውስጥ ከአንድ ልጅ ጋር ተለካከፍን። ውጪ ኮሌታዬን አንቆ ይዞ በቴስታ ሊለኝ ሲል መታሁት። ልጆች መጥተው ገላገሉን። መንጋጋው ተሰብሯል፣ ሁለት ጥርሱም ወልቋል አሉ። ከሶኝ ፖሊስ ቃልህን ስጥ ብሎ ጠርቶኛል። እኔ ራሴን ነው የተከላከልኩት። ሸሚዜ እንኳ ኮሌታው ተቀዶ እናቴ ልትሰፋልኝ ነው። የስፖርተኛ እጅ እንደ መሣሪያ ይቆጠራል የሚባለው እውነት ነው? ያስፈርድብኛል?

መልስ፦ ጋሼ ስላልከኝ አንተ እያልኩ ልቀጥል።

የጠየቅከኝ መልሱ አጭር ነው። የቦክሰኛ ወይም የካራቴ ሰው እጅ ፖሊስ ጋ ይመዘገባል የሚባለው ወሬ ነው። የጦር መሣሪያ አዋጁ (1177/2012) ስለ እጅ የሚለው ነገር የለም። ሥልጠናህ ግን ከመዝገቡ አይቀርም። ዐቃቤ ሕጉ ያነሳዋል። «ይህ ሰው የት እንደሚመታ፣ ምን ያህል እንደሚመታ ያውቃል» ይላል። ለዚህ ከአሁኑ ተዘጋጅ።

ሕጉም አጭር ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል። ጥቃቱ ሕገ ወጥ መሆን አለበት። የደረሰ ወይም አፍጥጦ የመጣ መሆን አለበት። በሌላ መንገድ ማምለጥ የማይቻል፣ አጸፋውም ከአደጋው ጋር የሚመጣጠን መሆን አለበት። ይህ ከተሟላ ቅጣት የለም።

አሁን ሳትነግረኝ ወዳለፍከው ልምጣ። ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ካፌ ውስጥ ተለካከፋችሁ። ቀጥሎ «ውጪ» ትላለህ። ማን ቀድሞ ወጣ? «ና እንውጣ» ያለው ማነው? አንተ ከሆንክ፣ ወይም እሱ ብሎህ ጃኬትህን አውልቀህ ከተከተልከው፣ ነገሩ መከላከል መሆኑ ቀርቶ ሁለት ሰው ተስማምቶ የተደባደበበት ይሆናል። ስድብም ቢሆን ጥቃት ተብሎ ቡጢ አያስፈቅድም። በዚህ ላይ አልቆጣህም፤ ለጠበቃህ ግን አንድም ሳትደብቅ ንገረው። ካፌው ውስጥ የነበረ አስተናጋጅ ነገ ችሎት ቆሞ ሲናገር ከምንሰማው አሁን ካንተ ብንሰማው ይሻላል።

ሁለተኛው «ገላገሉን» ያልከው ነው። አንድ ጊዜ መትቶ ወደ ኋላ ያፈገፈገን ሰው ማንም አይገላግለውም። ገላጋይ ያስፈለገው ከላዩ ላይ ስላልወረድክ ነው? ወንድሜ፣ የጉዳይህ መሞቻም መዳኛም እዚህ ላይ ነው። ስፖርት የሚሠሩ ደንበኞቼ ሁሉ የሚወድቁባት ጉድጓድ ይቺ ናት። ረዘም አድርጌ የማወራህ ለዚህ ነው።

በስፖርት ዳኛው አጠገብህ ነው። በኤምኤምኤ ተጋጣሚህ ቢወድቅም ዳኛው ገብቶ እስኪያስቆምህ ድረስ መምታት ደንቡ ይፈቅድልሃል። አሠልጣኝህም «አትልቀቀው፣ ጨርሰው» እያለ ነው ያሳደገህ። መንገድ ላይም ዳኛ አለ፤ ግን የሚመጣው ከወራት በኋላ፣ ካባውን ለብሶ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነው። ያን ማታ የሚያስቆምህ ዳኛ አልነበረም። ሕጉ የሚጠብቀው አንተው ራስህ እንድታቆም ነው። ከዚህ ይልቅ የልጅነት ቴኳንዶህ ለሕጉ ይቀርባል፤ እዚያ የወደቀን መምታት ያስቀጣል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዳንተ ላለ ልጅ ቆሜ ነበር። በሞባይል የተቀረጸች የ11 ሰከንድ ቪዲዮ ቀረበች። እስከ አራተኛው ሰከንድ ድረስ ጉዳዩ የኛ ነበር፤ ያኛው ሰውዬ ዘሎ ሲገባበት ቁልጭ ብሎ ይታያል። የኔው ልጅ አንድ መታው፣ ሰውዬው ወደቀ። ከዚያ ሁለት ጨመረለት። ዐቃቤ ሕጉ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀው፤ «ስትጨምርለት እጁ የት ነበር?» ልጁ ሐቀኛ ነው፤ «ፊቱን ሸፍኖበት» አለ። ከዚያ በኋላ ልናገር የምችለው ስለ ቅጣት ማቅለያ ብቻ ሆነ።

ሕጉ ድብድቡን እንደ አንድ ነገር ጠቅልሎ አይመዝነውም፤ እያንዳንዱን ምት ለየብቻ ይጠይቃል። ኮሌታህን ይዞ በቴስታ ሊልህ ሲመጣ የሰነዘርከው የመጀመሪያው ምት ምናልባት በአንቀጽ 78 ይሸፈናል። እጁ ከኮሌታህ ከለቀቀ፣ ጉልበቱ ከታጠፈ በኋላ ያለው ግን አደጋው ካለፈ በኋላ ነው። ያ ቂም መወጣት ይባላል። መንጋጋው በየትኛው ምት ተሰበረ? ጥርሱስ? መልሱን አሁን እንድትጽፍልኝ አልፈልግም። ለማንም እንዳትጽፈው። ከጠበቃህ ጋር ቢሮ ዘግታችሁ ተነጋገሩበት።

ከመጠኑ ካለፍክም ሁሉ ነገር አልጠፋም። አንቀጽ 79 ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን እንዲያቀል ያዛል። ያለፍከው ጥቃቱ ባመጣው ይቅር ሊባል በሚችል ፍርሃት ወይም ድንጋጤ ከሆነ ጭራሽ ሳይቀጣህ ሊተው ይችላል። ሥልጠናህ የሚጎዳህ እዚህ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ቡጢ ሲመጣ ዓይኑን እንዳይጨፍን የሠለጠነ ሰው «ደነገጥኩ» ሲል ማሳመን ይከብደዋል። ግን ይቻላል። ስፓሪንግ (የልምምድ ግጥሚያ) ላይ የሚመታህን ታውቀዋለህ፤ ግሎቭ አለው፣ ጥርስህ ላይ መከላከያ አለ፣ ወለሉ ለስላሳ ነው። አስፋልት ላይ ኪሱ ውስጥ ምን እንዳለ አታውቅም፤ ጓደኛ ይኑረው አይኑረው አታውቅም። አሠልጣኝህ ይህን ልዩነት ቀርቦ ማስረዳት ይችል እንደሆነ ከጠበቃህ ጋር ተማከሩ።

ስለ አስፋልቱ ካነሳሁ አይቀር ይህንንም ልበል። ተጋጣሚህ ምንጣፍ ላይ ሲወድቅ ሐኪም አጠገቡ አለ። መንገድ ላይ ጭንቅላቱ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ቢያገኝ ኖሮ ዛሬ የምናወራው ስለ ጥርስ አይሆንም ነበር። በመከላከል ላይ እያለ ከመጠን አልፎ ሰው የገደለ እንኳ በአንቀጽ 541 እስከ አምስት ዓመት ቀላል እስራት ይጠብቀዋል። ልጁ በመትረፉ ፈጣሪህን አመስግን።

ሌላም የስፖርት ልማድ አለ። ቴኳንዶ ላይ ከመስመር መውጣትም መሸሽም ያስቀጣል። ሕጉ ዘንድ ግን ወደ ኋላ ማለትህ ይጠቅምሃል፤ «በሌላ መንገድ ማምለጥ አይቻልም ነበር» የሚለውን የሚያሳየው እሱ ነው። አፈግፍገህ ከነበረ፣ «ተወኝ» ብለህ ከነበረ፣ ያየ የሰማ ሰው ፈልግ።

የሚከሱህ በየትኛው አንቀጽ ነው የሚለውን የሕክምና ማስረጃው ይወስነዋል። ቀላል የአካል ጉዳት ከተባለ (አንቀጽ 556) መነሻው እስከ አንድ ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው፤ ክሱም በተጎጂው አቤቱታ ላይ የቆመ ስለሆነ እርቅ ትልቅ ዋጋ አለው። ከባድ ከተባለ (አንቀጽ 555) እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስ ይችላል፤ ሽማግሌ ስላስታረቃችሁ ብቻም አይቆምም። መንጋጋ የተሰበረበት ጉዳይ ወዴትም ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ሽማግሌ ከመላክህ በፊት ጠበቃህን አማክር። በሽማግሌ ፊት «አጥፍቻለሁ» ያልከው ነገር ዞሮ እንዳይመጣብህ።

የካሳው ነገር ራሱን የቻለ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2068 በስፖርት ጨዋታ ላይ ለደረሰ ጉዳት፣ ተንኮል ወይም ከባድ የደንብ ጥሰት ከሌለ፣ ተጫዋቹን ተጠያቂ አያደርገውም። ይህ ከለላ የጂምህ በር ድረስ ነው። መንገድ ላይ የለህም። ከወንጀሉ ነፃ ብትወጣ እንኳ የፍትሐ ብሔሩ ችሎት በዚያ ውሳኔ አይታሰርም (አንቀጽ 2149)። የጥርስ ሕክምና ደግሞ ውድ ነው።

ፖሊስ ጣቢያ ብቻህን እንዳትሄድ። መጥሪያውን አክብረህ ቅረብ፤ ግን ጠበቃ ይዘህ። ዝም የማለት መብት አለህ፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ ተጽፏል። «ኤምኤምኤ ነው የምሠራው፣ ልክ አስገባሁት» ብሎ ቃል መስጠት ምን እንደሚያመጣ አይቻለሁ። ቲክቶክህ ላይ ያሉትን የሥልጠና ቪዲዮዎች በተመለከተም ከማጥፋትህም ከመጨመርህም በፊት ጠበቃህን ጠይቅ።

እሱ ቀድሞ ነክቶህ ከሆነ አንተም ማመልከት ትችላለህ። በአቤቱታ ለሚቀርቡ ወንጀሎች ጊዜው ሦስት ወር ነው፤ ሦስቱ ሳምንት ሄዷል። አንገትህ ላይ የመታነቅ ምልክት ነበረ? ያኔ የተነሳኸው ፎቶ አለ? ሐኪም ዘንድ ሄደሃል? ካፌው ወይም አጠገቡ ያለው ሱቅ ካሜራ ካለው ዛሬውኑ ሄደህ እንዳያጠፉት ለምናቸው፤ ብዙዎቹ ካሜራዎች በቆየው ላይ አዲሱን እየቀዱ ይደመስሱታል። የገላጋዮቹን ስምና ስልክ ያዝ። እነሱ ከላዩ ላይ ሲያነሱህ ያዩ ቢሆኑም ያዝ፤ ጠበቃህ የሚመጣበትን ቀድሞ ማወቅ አለበት።

ይህን ሁሉ ያልኩህ በላክልኝ ጥቂት መስመር ላይ ተመሥርቼ ነው። ማስረጃውን ያገላበጠ ጠበቃ ከኔ የተለየ ቢነግርህ እሱን ስማ።

ሸሚዙን ደግሞ ገና ካልተሰፋ እናትህን አሁኑኑ አስቁማቸው። ሳይታጠብ፣ ከነቅዱ፣ ወረቀት ከረጢት ውስጥ አድርገህ ለጠበቃህ ውሰድለት።